የቀይ ሰላጣ ዘር ከጓሮ ለመያዝ፦ ቅላቱን ብቻ አይታችሁ አትምረጡ

ከሰላጣ መደባችሁ ለዘር የምታስቀሩትን እግር ስትመርጡ በጣም የቀላው ላይ አትቸኩሉ። ቅጠሉን የሚያቀላው አንቶሲያኒን ነው። ተክሉ ይህን ቀለም የሚሠራው ፌኒልአላኒን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ተነስቶ ነው፤ ከዚያው መነሻ እንደ ክሎሮጀኒክ አሲድ ያሉ ሌሎች ፌኖሎችም (ተክሉ የሚሠራቸው የአንድ ቤተሰብ ውህዶች) ይወጣሉ። ስለዚህ ለቀለም የመረጠ ሰው ሳያስበው ሌላም ነገር አብሮ ይመርጣል። በዚያ ላይ ቀዩ ቀለም ለአረንጓዴው ክሎሮፊል ከሚደርሰው ብርሃን ከፊሉን ስለሚያስቀር፣ በጣም የጠቆረው ሰላጣ ብዙ ጊዜ እድገቱ ዝግ ይላል።

እኔ እንጦጦ ግርጌ ስለምኖር የምዘራው መስከረም ላይ ነው። በክረምት ደመና ቀለሙ ይደበዝዛል፤ በጥቅምት ፀሐይና በሌሊቱ ብርድ ግን ፍም ይመስላል። መደቡን ላስቲክ አታልብሱት፤ ብዙው ላስቲክ ቅላቱን የሚቀሰቅሰውን አልትራቫዮሌት ጨረር ይከለክላል። ፍጉንም ለሁሉም እኩል አድርጉ። ናይትሮጅን የበዛለት እግር ወደ አረንጓዴ ስለሚያደላ ጥፋቱ የዘሩ ይመስላችኋል።

ዓይን ያታልላል፤ ስለዚህ ከየእግሩ 10 ግራም ቅጠል ክተፉና በ100 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ዘፍዝፉ። አጥልላችሁ እኩል የሎሚ ጠብታ ጨምሩ፤ ብርጭቆዎቹን ነጭ ወረቀት ላይ ደርድራችሁ የትኛው ይበልጥ እንደቀላ እዩ። ከተረፈው ላይ ቤኪንግ ሶዳ ብትነሰንሱበት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይለወጣል። የቀይ ሥር ቅጠል እንዲህ አይሆንም፤ የሱ ቀለም ቤታላይን የሚባል ሌላ ነገር ነው፣ መነሻውም ታይሮሲን ነው።

ከዚያ ቅመሱ! ይህን የሚዘልል ሰው ያሳዝነኛል። ምሬቱ ቅጠሉ ሲቆረጥ ከሚወጣው ነጭ ወተት ነው፤ በውስጡ ያለው ላክቱሲን የሚሠራው ከቀለሙ በተለየ መንገድ ነው። ስለዚህ ደማቅ ቀይ ሆኖ የማይመር እግር ማግኘት ይቻላል፤ ፈልጉት።

ቀድሞ አገዳ ያወጣውን ንቀሉ፤ ለምግብ የምንፈልገው የሚቆየውን ነው። ሰላጣ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ሌላ ዝርያ ጥቂት ሜትር ቢርቅ ይበቃል። አበባው ደርቆ ነጭ ጥጥ ሲያወጣ ዘሩን ሰብስቡ፤ የየእናቱንም ለየብቻ አስቀምጡ። በሚቀጥለው ዓመት የአንዷ ልጆች ቀይና አረንጓዴ ተቀላቅለው ከወጡ እናቲቱ ድቅል ነበረች፤ ሁሉም ከቀሉበት መስመር ቀጥሉ።