ልጃችንን የትኛውን የውጭ ቋንቋ እናስተምር?

ጅማ ውስጥ ልጆች አስጠናለሁ። ከሰዓት በኋላ ቤቴ ይመጣሉ፤ የቤት ሥራ እንሠራለን፣ እንግሊዝኛ እናነባለን። ሊወስዷቸው የሚመጡ ወላጆች አዘውትረው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፦ «ቻይንኛ ይሻላል ወይስ አረብኛ?» በቅርቡ አንድ ቡና ነጋዴ አባት ደጅ ላይ ቆመው «መምህርት፣ ወደፊት የሚያዋጣው የቱ ነው?» አሉኝ። «ከዘመድዎ የውጭ ቋንቋ የሚናገር ማን አለ?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እህቴ ጅዳ ናት፤ በየሳምንቱ በኢሞ ትደውላለች» አሉ። እንግዲያው በአረብኛ ይጀምሩ አልኳቸው።

ልጅ ቋንቋ የሚይዘው የሚያናግረው ሰው ሲኖር ነው። ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ያለ ልጅ ሥራ ፈላጊ ሲሆን ገበያው ምን እንደሚፈልግ ማንም አያውቅም። ልጁን በሳምንት አንዴ እንኳ የሚያናግረው ማን እንደሆነ ግን ዛሬውኑ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ወረቀት አውጡና የምታስቧቸውን ቋንቋዎች ጻፉ። በየቋንቋው አጠገብ የሰው ስም ጻፉ፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ መምህር፣ ማንም ይሁን። ስም ያልተጻፈበትን ቋንቋ ለጊዜው ተዉት።

አዲስ ቋንቋ ከመጨመራችሁ በፊት ግን እንግሊዝኛው የት እንደደረሰ እዩ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። በቀላሉ መፈተን ትችላላችሁ። አንድ ገጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስጡትና ጮክ ብሎ ያንብብ። ከዚያ መጽሐፉን ዝጉና ምን እንደሚል በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ይንገራችሁ። አንብቦ መናገር ካቃተው ሌላ ቋንቋ ይቆየው።

በቁቤ ማንበብ የጀመሩ ልጆች ላይ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ሣጥን የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ቦክስ» በማለት ፈንታ «ቦጥ» ብለው ያነቡታል። በቁቤ «ኤክስ» የሚባለው ፊደል ድምፁ ጥ ነው፤ «ሲ» የሚባለው ደግሞ ጭ ነው። ልጁ አልሰነፈም፤ የተማረውን በትክክል እየተጠቀመ ነው። ደብተሩን ለሁለት ከፍላችሁ በአንድ በኩል የቁቤውን ድምፅ፣ በሌላው የእንግሊዝኛውን ጻፉለት። ድምፃቸው የሚለያየው ፊደላት ጥቂት ስለሆኑ ቶሎ ይለምዳቸዋል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። ልጁ እንግሊዝኛ እንዲለምድ ብላችሁ አፉን የፈታበትን ቋንቋ ቤት ውስጥ አትከልክሉት። አያቱን ማናገር የማይችል ልጅ ሳይ ሆዴ ይባባል። ሁለትና ሦስት ቋንቋ አብሮ መስማት ደግሞ ለጅማ ልጅ አዲስ ነገር አይደለም።

ወደ አረብኛ ልመለስ፤ እዚህ ከተማ ብዙ ቤት የሚገባ ቋንቋ ነው። መድረሳ የሚሄድ ልጅ ፊደሉን ያውቃል፣ ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብም ለምዷል። ቁርአን መቅራትና ማውራት ግን የተለያዩ ናቸው። ይህንን ለማየት ከመርካቶ ስትገዙ አረብኛ የተጻፈበት የተምር ፓኬት ካገኛችሁ ለልጁ ስጡት። ቁርአን ላይ ከፊደሉ በላይና በታች የአነባበብ ምልክት አለ፤ ፓኬቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ጣቱን ፊደሉ ላይ አድርጎ ሲንተባተብ ታዩታላችሁ። አንድ ቃል እንኳ አውጥቶ ትርጉሙን ከነገራችሁ ጥሩ መነሻ አለው። ካቃተውም ከኡስታዙ ጋር ተነጋገሩ፤ ከቂርአቱ ሌላ ትንሽ የንግግር ጊዜ ሊጨምሩለት ይችሉ ይሆናል።

አክስቱ በስልክ የምትናገረው የጅዳ አረብኛ ከመጽሐፉ አረብኛ ይለያል። ሁለቱም ይጠቅማሉ። ግን ልዩነት እንዳለ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ አለዚያ አንደኛቸው ተሳስተዋል ብሎ ግራ ይጋባል።

ለአሜሪካ ዲፕሎማቶች ቋንቋ የሚያስተምረው ተቋም አረብኛን ከቻይንኛ ጋር ከከባዶቹ ተርታ መድቦ 2200 የክፍል ሰዓት ይሰጠዋል። ይህ እንዳያስደነግጣችሁ፤ ስሌቱ እንግሊዝኛ ተናጋሪን መነሻ ያደረገ ነው። አፋን ኦሮሞ የሚናገር ልጅ አጭርና ረጅም አናባቢ መለየት ያውቃል፤ አረብኛም ይህን ይፈልጋል። አማርኛ የሚናገረው ደግሞ ቤት፣ ነፍስ፣ ራስ፣ ዓይን የሚሉትን ሲሰማ ዘመዶቻቸውን ያገኛል። የሚያስቸግሩት ከጉሮሮ የሚወጡት ድምፆች ናቸው፤ እነሱ በመደጋገም ይመጣሉ። ክርስቲያን ወላጆችም አረብኛ የሃይማኖት ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ የጎረቤት አገሮች የሱዳንና የጅቡቲ ቋንቋም ነው።

ስዋሂሊን የሚያነሳልኝ ወላጅ የለም፣ ይቆጨኛል። በቁቤ ለሚያነብ ልጅ ከእሱ የቀለለ የውጭ ቋንቋ አላየሁም። አምስቱ አናባቢዎች ያው ናቸው። ች፣ ሽ እና ኝ የሚጻፉትም በቁቤው መንገድ ነው። ልጁ ትርጉሙን ሳያውቅ እንኳ አብዛኛውን በመጀመሪያው ቀን ያነበዋል። ኬንያና ታንዛኒያ ይሠሩበታል፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋ ሆኗል። ችግሩ የሚያናግር ሰው ማግኘት ነው።

ፈረንሳይኛም የኅብረቱ ቋንቋ ነው፤ ጅቡቲም ትሠራበታለች። መምህር ካገኛችሁ መልካም። ቻይንኛ ዜማ ይፈልጋል፤ ድምፁ ከፍና ዝቅ ሲል የቃሉ ትርጉም ይቀየራል። ስለዚህ ከመተግበሪያ ብቻ አታስጀምሩት። የሚያርመው ሰው ከሌለ ስህተቱን ይዞ ያድጋል።

«ልጄ አሥር ዓመት ሞላው፣ አልፎበታል» የሚሉ አሉ። አላለፈበትም። ትንንሾቹ ድምፁን አጥርተው ይይዛሉ፤ ከፍ ያሉት ሰዋስው ቶሎ ይገባቸዋል።

መምህር ስትመርጡ አንድ ክፍለ ጊዜ ጥግ ላይ ተቀምጣችሁ እዩ። ማን ነው የሚናገረው? ሰዓቱን ሙሉ መምህሩ ብቻ ካወራና ልጆቹ ከሰሌዳ ከገለበጡ ሌላ ፈልጉ። ደብተሩንም ግለጡ፤ የቃላት ዝርዝር ብቻ ከሆነ እና ልጁ ራሱ የሠራው ዐረፍተ ነገር ከሌለ ያው ነው።

ክፍያውን በወር በወር አድርጉት። በወሩ መጨረሻ ልጁ ስሙን፣ ሰፈሩንና ምን መብላት እንደሚወድ በዚያ ቋንቋ ለእንግዳ ይንገር። ከተናገረ ቀጥሉ። ካልተናገረ ልጁን ከመቆጣታችሁ በፊት መምህሩን ጠይቁ።