እጅ ሲደነዝዝ፦ መጀመሪያ የትኛው ጣት?

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ፊዚዮቴራፒ እሠራለሁ። በየቀኑ የምሰማው «ሙሉ እጄ ይደነዝዛል፣ ብርድ ይሆን?» የሚል ነው። ብርድ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ እጅም አይደለም።

ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ እጅን ሲያራግፉት የሚለቅ ድንዛዜ

ሚዲያን የሚባለው ነርቭ ነው። አንጓ ላይ ከ9 ጅማቶች ጋር በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ይሾልካል። ወለሉ አጥንት ነው፣ ጣሪያው እንደ መቀነት የተወጠረ ወፍራም ጅማት። ውስጡ ትንሽ ሲያብጥ የሚጨፈለቀው ነርቩ ነው።

አንዲት እንጀራ ጋጋሪ እናት «አምስቱም ጣቴ ነው» ብለው ድርቅ አሉ። እስክሪብቶ ሰጠኋቸው፤ ሌሊት ሲነቁ የደነዘዘውን እንዲቀቡ። ጠዋት መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ትንሿ ጣት ንጹሕ ናት። የቀለበት ጣታቸው በአንድ ጎኑ ብቻ ተቀብቷል። አውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋም ቀለም አልነካውም፤ የዚያ ቆዳ ቅርንጫፍ መተላለፊያው ውስጥ አይገባማ!

መፍትሄው ማታ ማታ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ነው፣ ቢያንስ ለ6 ሳምንት። ቀጥ! በየሱቁ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ውስጣቸው ያለው ብረት ወደ ላይ የተቆለመመ ነው። አውጡና አቅኑት። ማሰሪያውንም አታጥብቁ፣ ራሱ ነርቩን ያንቃል። ወጌሻ ዘንድ ሄዳችሁ አታሳሹት። ቢ ኮምፕሌክስ መርፌም መተላለፊያውን አያሰፋም፤ ስንቱ ተወግቶ ተወግቶ ነው እኔ ጋ የሚደርሰው! የእርግዝና ከሆነ ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይለቃል። አውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ከጎደጎደ ግን ቀዶ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ጣሪያውን ይቆርጠዋል።

ትንሿ ጣት ከደነዘዘች

አልናር የሚባለው ነርቭ ነው። ክርን ሲጋጭ የሚነዝረን እሱ ነው። የሚኒባስ ሹፌሮች፣ ክርናችሁን ከመስኮቱ አውርዱልኝ። ማታ ክርን እንዳይታጠፍ ፎጣ ጠቅልሉበት።

ሁለቱም እግር አብሮ ከደነዘዘ

አንጓውን ተዉት። ስኳርና ቫይታሚን ቢ12 ይታይ።

አንጓ ቀና አልል ሲል

ፊት ከተጣመመ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ይህን ማንበብ ትታችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል! ካልሆነ አብዛኛውን ጊዜ ራዲያል የሚባለው ነርቭ ነው፤ የላይኛው ክንድ አጥንት ላይ ተጠምዝዞ የሚወርደው። ጠጅ ቤት ክንዱን ወንበር መደገፊያ ላይ ሰቅሎ ያንቀላፋ ሰው ጠዋት እጁን አንጠልጥሎ ይመጣል። አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። እስከዚያ አንጓው ቀና ብሎ ይደገፍ። ያ የተቆለመመው ብረት ለዚህኛው ነው የሚሆነው።