«ናኖ» የሚባል የካንሰር ሕክምና ሲነገራችሁ እንዴት ታጣራላችሁ

ባለፈው ሐዋሳ ፒያሳ ቡና እየጠጣን አንድ ጓደኛዬ ስልኩን አወጣና «ናኖ ወርቅ ውሃ ካንሰር ያቀልጣል» የሚል የቴሌግራም ማስታወቂያ አሳየኝ፣ ለአክስቱ ሊገዛላት ነበር እኮ! ቆይ አልኩት።

መጀመሪያ «ከምን ጋር ነው የሚሰጠው?» ብላችሁ ጠይቁ። ናኖ ቅንጣት ማለት በዓይን የማይታይ፣ በጣም ደቃቅ ቅንጣት ነው፣ እዚህ ላይ ደግሞ የሌላ ሕክምና ረዳት ነው። ለጨረር ሕክምና ከሆነ እንደ ወርቅ ወይ ሃፍኒየም ኦክሳይድ ያለ ከባድ ነገር ዕጢው ውስጥ ይገባና ጨረሩ ሲያርፍበት ብዙ ኤሌክትሮን ይረጫል፣ የካንሰሩ ዲኤንኤ የበለጠ ይጎዳል፣ ጨረር ከሌለ ግን ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው። የሃፍኒየሙ በመርፌ ቀጥታ ዕጢው ላይ ነው የሚወጋው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 አውሮፓ ውስጥ ለአንድ ዓይነት የለስላሳ አካል (እንደ ጡንቻና ስብ ያለ) ካንሰር ተፈቅዷል። የሚጠጣ ነገር የለም!

ዕጢውን በማሞቅ የሚሰራውስ? የብረት ኦክሳይድ ቅንጣት ተወግቶ ቶሎ ቶሎ የሚቀያየር የማግኔት መስክ ውስጥ ሲገባ ይሞቃል። ምጣድ እንዳይመስላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ነው፣ ሞቅ ያለ የሻወር ውሃ በሉት፣ የተዳከመውን ሴል ጨረሩ በቀላሉ ይጥለዋል።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ «ለኔ ዓይነት ካንሰር ተፈቅዷል ወይስ ገና ሙከራ ነው?» በሉ፣ በማግኔት የሚሞቀው የብረት ኦክሳይዱ ከሆነ ደግሞ የጥርስ ሙሌትና የተተከለ ብረት ካለ ተናገሩ፣ ቅንጣቱ በኋላ የኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ) ምስልም ሊያበላሽ ይችላል። የተጀመረ ጨረር ወይ ኬሞ ግን ለዚህ ብላችሁ እንዳታቋርጡ።