ሲትአፕ የሚሠራው ሆድ ነው ጭን?

መስቀል አደባባይ ስፖርት የጀመርኩ ሰሞን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ካርቶኔን አነጥፍና ጓደኛዬ እግሬን ይዞልኝ 100 ሲትአፕ (በጀርባ ተኝቶ እስከ መቀመጥ መነሳት) እጨርስ ነበር። በማግስቱ የሚያመኝ ግን ብሽሽቴና ወገቤ ነው፤ ሆዴማ ምንም አልሰማም። (ቦርጭ እንዲጠፋ የፈለገ ከእንጀራው ጋር ይነጋገር፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው።)

ነገሩ ወዲህ ነው። ከወገብ አከርካሪ ተነስቶ ጭን አጥንት ላይ የሚያርፍ ጠንካራ ጡንቻ አለ። እግር ሲያዝ ጉተታውን እሱ ይረከባል። ሆድ በደንብ የሚሠራው ትከሻ ከመሬት እስኪላቀቅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መነሳት በአብዛኛው የዳሌ ሥራ ነው።

ተመራማሪዎች ይህንን የሚለኩት ቆዳ ላይ ኤሌክትሮድ ለጥፈው ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ሳን ዲዬጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ 13 የሆድ እንቅስቃሴዎችን እንዲህ ሲያወዳድር፣ የፊተኛውን ሆድ በማሠራት አንደኛ የወጣው ብስክሌት ነው፦ በጀርባ ተኝቶ ክርንን ወደ ተቃራኒው ጉልበት ማድረስ። እኛ ኤሌክትሮድ ባይኖረን ጣት አለን።

በጀርባችሁ ተኙና ጉልበታችሁን እጠፉ፤ እግራችሁን ማንም አይያዝ። ሁለት ጣት እምብርታችሁ አጠገብ፣ የሌላውን እጅ ጣቶች ደግሞ ከጎድን አጥንት በታች ጎናችሁ ላይ አድርጉ። ትከሻችሁን ብቻ ቀስ ብላችሁ አንሱ። እምብርት አካባቢ ድንጋይ ይሆናል፣ ጎን ግን ያን ያህል አይጠነክርም። አሁን አንዱን ትከሻ ወደ ተቃራኒው ጉልበት አዙሩ፤ ጎናችሁ ጣታችሁን ገፋ ካደረገ ገብቷችኋል።

ጥልቁን የሆድ ጡንቻ ለማግኘት ከዳሌ አጥንት ጫፍ ትንሽ ወደ ውስጥ ተጫኑና ሳል በሉ። ያቺ ውጥረት በፕላንክም (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) መኖር አለባት። ወገባችሁ ከረገበ ግን ደቂቃ ቆጠራው ከንቱ ነው፤ መቀመጫችሁን ጨምቁ፣ ክርናችሁን ወደ እግራችሁ እንደምትጎትቱ አድርጉ፣ 15 ሰከንድ ራሱ ያንቀጠቅጣል። ጎን ለሚፈልግ የጎን ፕላንክ ነው፣ በጎን ሆኖ በአንድ ክርን መደገፍ፤ የሚሠራው ወደ መሬት የዞረው ጎን ስለሆነ የምትዳስሱት እሱን ነው።

እኔ አሁን ብስክሌት በየጎኑ 8 ጊዜ ነው የምሠራው፣ እያንዳንዱን ሁለት ሰከንድ እየወሰድኩ። ጓደኛዬ ግን 100 ሲትአፑን አልተወም። እግሩን የምይዝለትም እኔ ነኝ።