የግቢ ኩሬ፣ አልጌና ቀንድ አውጣ፦ ችግርና መፍትሄ

ውሃው እንደ ጎመን ጭማቂ አረንጓዴ ሆነ፤ አልጌ እንዲበሉ ያስገባናቸው ቀንድ አውጣዎችም ምንም አልፈየዱም

ምክንያት፦ ቀንድ አውጣ የሚበላው ድንጋይ፣ ግድግዳና ቅጠል ላይ የተለጠፈውን ስስ አልጌ እየፋቀ ነው። ውሃውን ያቀለመው አልጌ ተንሳፋፊ ስለሆነ አፉ አይደርስበትም። መቶ ቢጨመርም ለውጥ የለም፤ እንዲያውም ኩሳቸው ለአልጌው ማዳበሪያ ይሆናል።

መፍትሄ፦ ግማሽ ያህሉን የውሃ ገጽ በውሃ ሊሊ ወይም ከላይ በተወጠረ የጥላ መረብ ይሸፍኑ። ለዓሣ የሚሰጡት መኖ በ5 ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቅ ብቻ ይሁን። የረገፈ ቅጠል ሳይበሰብስ ያውጡ። ለጥላ ብሎ እምቦጭ መትከል ግን አይታሰብ፤ ጣና ላይ ያደረሰውን አይተናል።

ፀጉር የመሰለ ረጅም አልጌ ከሆነ በሻካራ እንጨት ጠቅልሎ መንቀል ነው፤ ቀንድ አውጣ ብዙም አይነካውም።

ቀንድ አውጣዎቹ ኩሬ ከገቡ በ2 ወይም በ3 ቀን ሞቱ

ብዙ ጊዜ ገዳዩ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ነው፤ አለዚያም መዳብ ያለበት የአልጌ ማጥፊያ። ውሃውን አፉ ክፍት በሆነ በርሜል ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያሳድሩ። ቀንድ አውጣዎቹን ከነመጡበት ውሃ ባልዲ ውስጥ አድርገው፣ ለአንድ ሰዓት በየ10 ደቂቃው አንድ ኩባያ የኩሬ ውሃ ይጨምሩላቸው። የሞተው በዚያው ቀን ይውጣ፤ ሲበሰብስ ሌላውን ይመርዛል።

ዛጎሉ ነጣ፣ ተቦረቦረ

ካልሲየም አንሷል ወይም ውሃው አሲዳማ ሆኗል። ከጣሪያ የወረደ የዝናብ ውሃ የሚሞላው ኩሬ ላይ ይህ የተለመደ ነው። ለ1,000 ሊትር 1 ኪሎ ያህል የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በመረብ ከረጢት አድርገው ይንከሩ፤ በዝግታ ስለሚሟሟ አያስፈራም። ፒኤች (የውሃው አሲዳማነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 8.2 ቢሆን ጥሩ ነው።

ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ልልቀም?

አይልቀሙ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች የሚኖሩት እዚያው ነው፤ ቀድሞ በተውሳኩ የተያዘው ቀንድ አውጣ ኩሬዎ ውስጥ ሆኖም ተውሳኩን ለሳምንታት ይረጫል። በበሽታው ለመያዝ እጅ ነክሮ ኩሬውን ማጽዳት ብቻ ይበቃል። የሻጭ ዕቃ ላይም መለያው የአፉ ክዳን ነው፦ ሲነኩት ገብቶ በጠንካራ ክዳን የማይዘጋ ከሆነ ይተውት። በተለይ ዛጎሉ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ጠፍጣፋ የሆነውን፣ ወይም ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ እርስዎ አዙረው ሲይዙት አፉ በግራ የሚውለውን።

የእኛ ምርጫ ኔራይት የሚባለው ቀንድ አውጣ ነው። ክዳን አለው፣ ድንጋይ አጥርቶ ይፍቃል፣ እጩ (ከእንቁላል የሚወጣው ጨቅላ) ጨዋማ ውሃ ስለሚፈልግ ኩሬ ውስጥ አይራባም። ድንጋይ ላይ የሚጥላቸው ነጫጭ ነጥቦች እንቁላሉ ናቸው፤ ኩሬ ውስጥ ግን ለቀንድ አውጣነት አይበቁም። ሙቀት ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋልና ለሐዋሳ ወይም ለድሬዳዋ ይስማማል፤ የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይከብደዋል። ለ500 ሊትር በ8 ወይም በ10 ይጀምሩ። ኩሬው ውስጥ አምባዛ ካለ ግን ገንዘብዎን ለዓሣው መኖ እያደረጉት ነው።

ሳይጋበዝ የመጣ ቀንድ አውጣ በዛ

ከዕፅዋት ጋር በእንቁላል ገብቶ፣ በትርፍ መኖ ተራብቷል። ማታ የሰላጣ ቅጠል በድንጋይ አስረው ይስጠሙ፤ ጠዋት ከነተሰበሰበበት በጓንት ያውጡት። እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ዶ/ር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያስተዋሉት ነገር ነው፤ ዓሣንም ስለሚገድል ዓሣ ባለበት ኩሬ አይጨመርም።