የሳተላይት ሬዲዮን በቤት ኮምፒውተር ለማዳመጥ

በአሜሪካ የምትኖሩና ለመኪናችሁ ሬዲዮ የሲሪየስ ኤክስኤም (የሳተላይት ሬዲዮ ኩባንያ) ደንበኝነት የምትከፍሉ ሁሉ፣ ጣሪያና ግድግዳ የሳተላይቱን ሞገድ ስለሚከለክሉ ለቤት ሌላ መቀበያና አንቴና ከመግዛታችሁ በፊት፣ የያዛችሁት ጥቅል በኢንተርኔት ማዳመጥን የሚጨምር መሆኑን አረጋግጡ። የሚጨምር ከሆነ በኩባንያው ድረ ገጽ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል አውጥታችሁ፣ ያለ ሌላ ዕቃ ሬዲዮውን በኮምፒውተራችሁ ብሮውዘር መክፈት ትችላላችሁ። በላፕቶፑ ትንንሽ ስፒከሮች ከመስማት ይልቅ፣ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ እስከ ድምፅ ማጉያው አንድ ገመድ መዘርጋት እጅግ የተሻለ ነው፤ በተለይ ጃዝ ለሚወድ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። የኢንተርኔት ጥቅላችሁ የተገደበ ከሆነ ግን፣ በሰከንድ 128 ኪሎቢት የሚፈስ ድምፅ በሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ እንደሚወስድ አስቡበት።