ሂትሲንኩን ከመቀየራችሁ በፊት፦ የሚግል አምፕሊፋየር ችግርና መፍትሄ

አምፕሊፋየር ሠርታችሁ ከመጠን በላይ ጋለባችሁ እንበል። የሁላችንም የመጀመሪያ ሐሳብ አንድ ነው፤ «ሂትሲንኩ (ሙቀቱን ተቀብሎ ወደ አየር የሚለቀው ክንፋም ብረት) አንሷል፣ ትልቅ ልግዛ»። እኔም እንደዚያ ብዬ እጥፍ የሚሆን አሉሚኒየም ገዝቼ ገጥሜያለሁ። ትራንዚስተሩ ግን እንደበፊቱ ይፋጃል። ስፈታው ለካ ቀዳዳውን ስበሳ ጠርዙ ላይ የቀረች ትንሽ የአሉሚኒየም እሾህ ትራንዚስተሩን ከሂትሲንኩ ከፍ አድርጋ ይዛዋለች። ገንዘቤም ልፋቴም ከንቱ!

ሙቀት አየር ላይ እስኪደርስ ሦስት በር ያልፋል፦ ከትራንዚስተሩ ውስጥ ወደ ጀርባው፣ ከጀርባው ወደ ሂትሲንኩ፣ ከሂትሲንኩ ወደ አየር። የእኛ ሥራ የተዘጋውን በር መፈለግ ነው። የትራንዚስተሩንና የሂትሲንኩን ሙቀት ለየብቻ ለኩ። በጣት መንካት ካማራችሁ መጀመሪያ አጥፉት፣ ካፓሲተሮቹም ባዶ ይሁኑ። የአንዳንዱ ትራንዚስተር ጀርባ ሙሉ ቮልት አለበት።

ትራንዚስተሩ ይፋጃል፣ ሂትሲንኩ ለብ ብሏል

ሙቀቱ ሁለተኛው በር ላይ ቆሟል። ትልቅ ሂትሲንክ እዚህ ምንም አይፈይድም። ፍቱትና የቀዳዳውን ጠርዝ በወፍራም መሰርሰሪያ ጫፍ በእጅ አልስልሱት። በመካከላቸው የገባው ማይካ (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ንጣፍ) ከሆነ በሁለቱም ፊቱ ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ይፈልጋል፤ ግን ስስ አድርጉት። ፔስት የሚያስፈልገው ዓይን የማያየውን ክፍተት ለመሙላት ነው። እንደ ቅቤ ከተለደፈ ራሱ ብርድ ልብስ ይሆናል። ብሎኑም በደንብ ይጥበቅ።

ሙዚቃ ሳይኖር ይግላል

ክላስ ኤ (ድምፅ ባይኖርም ሁልጊዜ ብዙ ከረንት የሚያፈስ ዓይነት) ከሠራችሁ ይኼ ባህሪው ነው፣ ተውት። ክላስ ኤቢ (ድምፅ ሳይኖር ትንሽ ከረንት ብቻ የሚያፈስ) ከሆነ ግን መጀመሪያ ባያሱን፣ ማለትም ይህን ከረንት የሚወስነውን ቅንብር ተጠራጠሩ። በኤሚተር ሬዚስተሩ (ከአውትፑት ትራንዚስተሩ ኤሚተር እግር ጋር በተያያዘው) ሁለት ጫፍ ላይ ያለውን ሚሊቮልት ለኩ። 0.22 ኦም ላይ 22 ሚሊቮልት ካያችሁ 100 ሚሊአምፔር እየፈሰሰ ነው ማለት ነው።

ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቆሞ ከሆነ በትሪመሩ (ባያሱን በማዞር በምታስተካክሉበት ሬዚስተር) አውርዱት። ሲሞቅ እየጨመረ፣ እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ግን ቶሎ አጥፉ! የትራንዚስተር የቤዝና ኤሚተር ቮልት ሙቀት በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ወደ 2 ሚሊቮልት ይወርዳል። ስለዚህ ሲሞቅ ከረንት ይጨምራል፣ ከረንት ሲጨምር ደግሞ ይበልጥ ይሞቃል። ይህን አዙሪት የሚሰብረው ባያስ የሚቆጣጠረው ትንሹ ትራንዚስተር ነው፤ እሱ የሂትሲንኩን ሙቀት ካልቀመሰ አያውቅም። ቦርዱ ላይ ብቻውን ቆሞ ከሆነ አምጥታችሁ ከአውትፑት ትራንዚስተሮቹ አጠገብ ሂትሲንኩ ላይ እሰሩት።

ባያሱ ልክ ሆኖም ከጋለ፣ አውትፑቱ ላይ ከ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ጋር በተከታታይ የቆመችውን 10 ኦም ሬዚስተር እዩ። እሷ ከጠቆረች ወይም ካጨሰች አምፑ ጆሮ በማይሰማው ፍሪኩዌንሲ ኦሲሌት እያደረገ (ያለ ሲግናል በራሱ እየተንቀጠቀጠ) ነው። ችግሩ የሽቦ አዘርጋግ ወይም የግራውንድ ነው፣ የሂትሲንክ አይደለም።

ትራንዚስተሩም ሂትሲንኩም እኩል ይፋጃሉ

አሁን ሂትሲንኩን መውቀስ ይቻላል። ግን በግምት አትግዙ፣ አስሉ። የኃይል አቅርቦቱን የአንዱን ጎን (የፕላሱን ወይም የማይነሱን) ቮልት በራሱ፣ ከዚያም በ2 አባዙ። ውጤቱን ለስፒከሩ ኦም፣ ቀጥሎም ለ9.87 አካፍሉ። በፕላስና ማይነስ 35 ቮልት 8 ኦም ስፒከር ስትነዱ ለአንድ ቻናል ወደ 31 ዋት ይመጣል። ይህ በንጹህ ሳይን ሲግናል ትልቁ የሚባክን ሙቀት ነው። የሚገርመው፣ የሚደርሰው ድምፁ ጣራ ሲነካ ሳይሆን ከሙሉ ኃይሉ 40 በመቶ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ «እኔ ድምፅ አላበዛም» የሚለው መከራከሪያ አያዋጣም።

የሂትሲንክ አቅም የሚነገረው በአንድ ዋት ስንት ዲግሪ እንደሚጨምር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሂትሲንኩ ይሻላል። ሳጥኑ ውስጥ 40 ዲግሪ ቢሆንና ሂትሲንኩ ከ70 እንዳያልፍ ብትፈልጉ 30 ዲግሪ ብቻ ነው ያላችሁ። 30ን ለ31 ስታካፍሉ ወደ 1 ዲግሪ በዋት ይሆናል። ስፒከሩን በ4 ኦም ስትቀይሩ ሙቀቱ እጥፍ፣ የሚያስፈልጋችሁም 0.5 ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ስፒከር ደግሞ እንደ ሬዚስተር ጨዋ አይደለም፣ ትንሽ ትርፍ ያዙ።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ያላችሁን ሂትሲንክ አቀማመጥ እዩ። ክንፎቹ ከታች ወደ ላይ ካልቆሙ አየሩ አይወጣም። ሳጥኑም ከታችም ከላይም ቀዳዳ ይኑረው።

ድምፁ ይጠፋል፣ ከደቂቃ በኋላ ይመለሳል

ይኼ ራሱን ከሙቀት የሚጠብቅ የአምፕሊፋየር ቺፕ ነው። ኤልኤም3886 ለምሳሌ ውስጡ 165 ዲግሪ ሲደርስ ይዘጋል፣ ወደ 155 ሲወርድ ይከፈታል። ከላይ ያሉትን በሮች በቅደም ተከተል ፈትሹ።

ብሎኑን ካጠበቃችሁ በኋላ ፊውዝ ይቃጠላል

የትራንዚስተሩ ወይም የቺፑ ጀርባ ሂትሲንኩን ነክቷል። ጀርባው ባዶ ብረት በሆነው ኤልኤም3886 ያ ብረት ከማይነስ ቮልት ጋር የተገናኘ ነው። ማይካውን ለስንጥቅ፣ የብሎኑን የፕላስቲክ ዋሸር ለመቅለጥ እዩ። መልሳችሁ ስትገጥሙ ኃይል ከመስጠታችሁ በፊት ከጀርባው እስከ ሂትሲንኩ በመልቲሜትር ለኩ፤ ቢፕ ካለ እንደገና ፍቱ።